ሎጎው ተሳቀበት፤ እናንሣው ወይስ እንታገሥ?

ጥያቄው፦ «በአንድ ከተማ አስተዳደር የኮሚዩኒኬሽን ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ ሎጎ ይፋ አደረግን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድብ ብቻ ነው። ‹ታሪካችንን አጠፉት› ይሉናል። ‹ልጄ በአሥር ደቂቃ ከዚህ የተሻለ ይሥላል› ይሉናል። ‹ለዚህች ነው ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣችሁት?› የሚሉም አሉ። የባንክ ሎጎ ይመስላል ያሉም ጥቂት አይደሉም። አለቆቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ሎጎው ተነሥቶ የድሮው ይመለስ ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ውድድር ይውጣና ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ ይላሉ። የትኛው ይሻላል?»

ሁለቱም አይሻሉም። በሦስት ሳምንት ሎጎ ላይ አይፈረድም። አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ወሬ ሎጎው ጥሩ ይሁን መጥፎ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ እንዴት አድርጋችሁ እንዳስተዋወቃችሁት ነው። ሌላው ስሕተት ደግሞ ቅሬታውን ሁሉ ጠቅልላችሁ «ሕዝቡ ጠላው» ማለታችሁ ነው። የጻፉልኝ አራት ቅሬታዎች አራት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ያብሳል። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

«ታሪካችንን አጠፉት» ከሚለው ልጀምር። አብዛኛውን ጊዜ የቁጣው ሥር እሱ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተምታተዋል። ከተማ አርማ ይኖራታል፤ ሎጎም ይኖራታል። አርማው ሕጋዊ ምልክቷ ነው። ማኅተም ላይ፣ ውል ላይ፣ የምስክር ወረቀት ላይ፣ የምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ጋሻና ግንብ፣ አውሬና አክሊል ቢበዛበት ችግር የለውም። ሰው ቀርቦ፣ ረጋ ብሎ ነው የሚያየው። ሎጎው ግን ቆሻሻ በሚያነሣ መኪና ላይ፣ በውሃ ሒሳብ ደረሰኝ ላይ፣ በስልክ መተግበሪያ ላይ፣ በሠራተኛው ደረት ላይ ይውላል። አርማው የክት ልብስ ነው፤ ሎጎው የአዘቦት። የአዘቦት ልብስ ስለተቀየረ የክቱ ይጣላል ማለት አይደለም።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ አለመናገር ስንቱን ጣጣ ውስጥ እንደሚከት ለማየት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከተማ ባይሆንም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮችም እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ ሎጎ ይዞ ብቅ አለ። ተማሪውና የቀድሞ ምሩቁ መቶ ዓመት የኖረው ማኅተም የተሻረ መሰለው። ዩኒቨርሲቲው «ማኅተሙ አለ፤ ዲፕሎማችሁ ላይ እንደተለመደው ይታተማል» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ከ50,000 በላይ ሰው በተቃውሞ ፈረመ። ሎጎው በዚያው በታኅሣሥ ወር ተነሣ። የሞተው ቅርጹ አስቀያሚ ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም። «አርማችሁ አልተነካም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ዘግይታ በመምጣቷ ነው።

አምስተርዳም ሁለቱን ለይታ ስለምትይዝ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ ከጥንት የመጡ ሦስት የመስቀለኛ ምልክቶች አሏት። የአስተዳደሩ መለያ ዛሬም እነሱ ናቸው። በ2004 ደግሞ ለቱሪስትና ለባለሀብት ሲባል «አይ አምስተርዳም» የሚል መፈክር መጣ። በእንግሊዝኛ «እኔ ነኝ» የሚለውን ከከተማዋ ስም ጋር ያጣመረ የቃላት ጨዋታ ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያላቸው ፊደሎቹ ሙዚየሞቹ ካሉበት አደባባይ ላይ ቆሙ። ጎብኚው ፎቶ ለመነሣት ይንጫጫባቸው ነበር። በታኅሣሥ 2018 ፊደሎቹ ከአደባባዩ ተነሡ። የቱሪስቱ ብዛት ነዋሪውን አንገሽግሾት ስለነበር ምክር ቤቱ ይነሡ አለ። ፊደሎቹ ሲነሡ የከተማዋ መለያ አብሮ አልተነሣም። ሦስቱ ምልክቶች የትም አልሄዱም። እናንተም ለጎብኚ የምትሉትንና ለነዋሪ የምታትሙትን አንድ ላይ ካሰራችሁ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ነው። የድሮውን አርማ በእርግጥ አንሥታችሁታል ወይ? ካላነሣችሁት ነገ ጠዋት ጻፉት፤ የት የት እንደሚቀጥልም በፎቶ አሳዩ። ካነሣችሁት ግን ሰው ትክክል ነው፤ ወደ ቦታው መልሱት። ይህ ሽንፈት አይደለም። አዲሱ ሎጎ የአርማው ምትክ ተብሎ ቀርቦ ከሆነ መጀመሪያውኑ ያልሆነውን ነው የተባለው።

በነገራችን ላይ ሎጎ ባንዲራም አይደለም። የአሜሪካዋ ትንሽ ከተማ ፖካቴሎ ለማስታወቂያ የተሠራ ሎጎዋን ጨርቅ ላይ አትማ ባንዲራ አደረገችው። የንግድ ምልክትና የቅጂ መብት ምልክቶቹ ሳይቀሩ ባንዲራው ላይ ነበሩ! በ2004 የባንዲራ ጥናት ማኅበር ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ከ150 የአሜሪካ ከተሞች ባንዲራዎች መጨረሻ ወጣች። በ2017 አዲስ ባንዲራ አጸደቀች። አዲሱን ሎጎ ጨርቅ ላይ አትሞ ምሰሶ ላይ ለመስቀል የሚቸኩል አለቃ ካላችሁ ይቺን ይንገሩልኝ።

ወደ «ልጄ በአሥር ደቂቃ ይሥለዋል» እንምጣ። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «አይ፣ ዲዛይነሩ ስድስት ወር ለፍቶበታል» የሚል ነው። መጥፎ መልስ ነው። አድማጩ «ስድስት ወር ለፍቶ ይህን?» ይላል፤ ነገሩ ይብስ ይሆናል። እውነቱ ሌላ ነው። ልጁ ሊሥለው ይችላል። ሎጎ እንዲያውም ሕፃን ልጅ ከልቡ አስታውሶ ሊሥለው ካልቻለ ጉድለት አለበት። የዓለምን ዝነኛ የቦታ ምልክት እንውሰድ፤ «ኒው ዮርክን እወዳለሁ» በሚለው ምልክት ውስጥ ያለውን ቀይ ልብ። ዲዛይነሩ ሚልተን ግሌዘር የመጀመሪያውን ንድፍ በታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ፖስታ ላይ፣ በቀይ ክሬዮን ነው የጫረው። ፖስታው ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ምልክቱ በ1977 ለኒው ዮርክ ግዛት የቱሪዝም ዘመቻ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው የከተማዋ ይመስለዋል፤ የግዛቱ ነው። ግሌዘር ገንዘብ አልተቀበለበትም፤ ዘመቻው ጥቂት ወር ቆይቶ የሚረሳ መስሎት ነበር።

ከዚህ ታሪክ «ሎጎ በነፃ ይሠራል» የሚል ትምህርት የሚወስድ አለ። ተሳስቷል። የጫረው እጅ ከዚያ በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው። መሣሉ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከመቶ ንድፍ ውስጥ ዘጠና ዘጠኙን መጣል ነው። አንዴ ለአንድ ከተማ ስሠራ ኮሚቴው ስብሰባ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ነገር ይጨመር ነበር። አንዱ ድልድዩ ይግባ አለ። ሌላው ወንዙ ካልገባ ድልድዩ ምን ያደርጋል አለ። ጥርስ ያለው የኢንዱስትሪ መዘውር ገባ። ርግብ ገባች። ፀሐይ ከበስተጀርባ ወጣች። አራተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ሰውዬ መጽሐፍ የለም ብሎ ቅር አለው። ሁሉም ሰው የጠየቀው ገባለት። ያን ሎጎ ግን ዛሬ ማንም ከልቡ ሊያስታውሰው አይችልም፤ እኔ ራሴ ርግቧ ወደ የት ትመለከት እንደነበር ረስቻለሁ። ሎጎ የከተማዋ ፎቶ አይደለም። ስም ነው። ስም የሰውየውን መልክ አይገልጽም፤ ሰውየውን ያስጠራል እንጂ።

ገንዘቡን በተመለከተ ቅሬታው ተገቢ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነውና መጠየቅ መብት ነው። ጥፋቱ ያለው መልሱ ላይ ነው። የሜልቦርን ከተማ በ2009 «ኤም» ፊደልን መነሻ ያደረገ ሎጎ ስታወጣ ሥራው 240,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ መፍጀቱ ተነገረ። ጋዜጦቹ ቁጥሩን ከሥዕሉ ጎን አስቀመጡት፤ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። የ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ሎጎም ሲወጣ 400,000 ፓውንድ የሚለው ቁጥር አብሮት ወጣ። ሰው ቁጥሩን ከሥዕሉ ጎን ሲያየው «በአንድ መስመር ስንት?» እያለ ማካፈሉ አይቀርም። ክፍያው ግን ለሥዕሉ ብቻ አይደለም። ነዋሪን ማነጋገር፣ የአርባ መሥሪያ ቤቶችን የተዘበራረቀ ምልክት መመርመር፣ የቀለምና የፊደል መመሪያ መጻፍ፣ የሕግ ማጣራት ማድረግ፣ የፎንት ፈቃድ መግዛት ሁሉ አለበት።

ከዲዛይኑ ክፍያ በላይ የሚበላው ደግሞ ሌላ ነው፤ መለጠፉ። መኪናዎች፣ ታፔላዎች፣ ዩኒፎርሞች፣ የተለያዩ ቅጾች። ይህን ሁሉ በአንድ ወር ከቀየራችሁት «ገንዘብ ባከነ» የሚላችሁ ሰው ልክ ነው። ባለበት ቆይቶ ሲያረጅ መቀየር አለበት። ዩኒፎርሙ ሲያልቅ አዲሱ በአዲሱ ሎጎ ይሰፋል። ታፔላው ሲዝግ ይተካል። ድረ ገጹ ግን ወዲያው ይቀየራል፤ እሱ ብዙ አያስወጣም። ሁለት ሎጎ ለሦስትና ለአራት ዓመት ጎን ለጎን ሊታይ ነው ማለት ነው። አለቆች ይህን አይወዱም፤ ዝርክርክ ይመስላቸዋል። ነዋሪው ግን ዝርክርክነቱን ከብክነቱ አብልጦ ይቅር ይላል። ስለዚህ በደንብ ዘርዝራችሁ ጻፉት። ለዲዛይን ይህን ያህል፣ ለሕግ ይህን ያህል፣ ለመለጠፍ በዓመት ይህን ያህል በሉ። «የሌሎች ከተሞች ከእኛ በላይ አውጥተዋል» የምትለዋን ግን አትሞክሯት። የሰው ብክነት የእናንተን አያነጻም።

አራተኛው ቅሬታ «የባንክ ሎጎ ይመስላል» የሚለው ነው። ከሁሉ ይበልጥ ልትሰሙት የሚገባ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በቀልድ መልክ ስለመጣ አልፋችሁታል ብዬ እሠጋለሁ። ቀልዱ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው «ቀዝቃዛ ነው፣ ከተማዬን አይመስልም» ማለት ነው። ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ሊያበርደው ይችላል። ሁለተኛው ግን «ይህን ሎጎ ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ» ማለት ነው። ይህ የሕግ ጉዳይ ነው፤ በጊዜ አይበርድም።

ቶኪዮን ተመልከቱ። የ2020 ኦሊምፒክ ሎጎዋን በሐምሌ 2015 ይፋ አደረገች። አንድ የቤልጂየም ዲዛይነር በሊዬዥ ከተማ ላለ ቲያትር ቤት የሠራሁትን ይመስላል ሲል ተነሣ። የጃፓኑ ዲዛይነር አልገለበጥኩም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ግን ፍርድ ቤት እስኪቋጭ አልተጠበቀም። ሌሎች ሥራዎቹም በማኅበራዊ ሚዲያ እየተበረበሩ ወጡ፤ እምነት ተሸረሸረ። መስከረም 1 ቀን 2015 አዘጋጆቹ ሎጎውን አነሡት። ትክክል አደረጉ። ዓለም አቀፍ ፍለጋ ማድረግ ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በነፃ የሚሠራ የንግድ ምልክቶች መረጃ ቋት አለው፤ ምስሉን አስገብቶ ተመሳሳዩን መፈለግ ይቻላል። የእናንተ ዲዛይነር ይህን አድርጌያለሁ ካለ ውጤቱን በወረቀት ጠይቁት። ካላደረገ ዛሬውኑ ይደረግ። ከባንኩ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁም እዩት። ቀለሙም፣ ቅርጹም፣ የፊደሉ አጣጣልም አንድ ከሆነ እኔ የምሰጣችሁ ምክር ሁሉ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ብዙ አስተዳደሮች የማያውቁት አንድ ክፍተት አለ። የፓሪስ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል የአገሮችን ባንዲራና አርማ ሌላው እንደ ንግድ ምልክት እንዳያስመዘግብ ይከለክላል። ከተሞች ግን በዚያ ጥበቃ ውስጥ የሉም። ስለዚህ «የመንግሥት ምልክት ነው፣ ማን ይነካዋል» ብሎ መተኛት አይቻልም። በአገሩ ሕግ መሠረት መመዝገብ አለበት። ከዲዛይነሩ ጋር ያላችሁ ውልም መብቱን በሙሉ ለከተማዋ ያስተላለፈ መሆኑን የሕግ ክፍላችሁ አንብቦ ያረጋግጥ።

አሁን ስለ ሳቁ ራሱ። ማንኛውም አዲስ የከተማ ሎጎ የመጀመሪያ ሳምንቱን በሚም፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚዞር የቀልድ ምስል፣ ነው የሚያሳልፈው። ለንደን በሰኔ 2007 ያን የተሰባበረ የሚመስል ሮዝ የኦሊምፒክ ሎጎ ስታወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ48,000 በላይ ሰው ይነሣልን ብሎ ፈረመ። አዘጋጆቹ አላነሡትም። ያነሡት ሌላ ነገር ነው። ለማስተዋወቂያ የተሠራው ተንቀሳቃሽ ምስል ብልጭታው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች እንዳሳመመ ስለተነገረ ያን ክፍል ከድረ ገጹ ወዲያው አወረዱት። ሎጎው እስከ ውድድሩ ድረስ ቆየ። ከዚህ የምወደው አለያየታቸውን ነው። ጣዕምን የነካ ቅሬታ ቆሞ ጠበቀ፤ ጤናን የነካው በሰዓታት ውስጥ መልስ አገኘ። ሁሉም ሰው ሎጎውን መጨረሻ ላይ ወደደው ልላችሁ አይደለም። ዛሬም የሚጠሉት አሉ። የማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አይጠፋውም።

ሰው ያየውን ነገር ደጋግሞ ሲያየው ቀስ በቀስ ይለምደዋል፤ አልፎም ይወደዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ በ1968 ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ግን ተጠንቀቁ። ዲዛይነሮች ይህን ጥናት ለማንኛውም መጥፎ ሥራ መከላከያ ያደርጉታል። መላመድ የሚረዳው ግድ የማይሰጠንን ወይም ትንሽ ቅር ያሰኘንን ነገር ነው። ከመጀመሪያው ከልብ የተጠላን ነገር መደጋገም ጥላቻውን ሊያጸናው ይችላል። ስለዚህ መጠበቅ ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ቀልዱ እየሳሳ ነው ወይስ እየመረረ ነው? በየሳምንቱ ተከታተሉት። የሚቀልድ ሰው ገና ከእናንተ ጋር ነው። የሚያሳስበኝ ቅጽል ስም ሲወጣለት ነው፤ ያ ቅጽል ስም ወደ ስድብ ከዞረ ሎጎው ስሙን ተቀምቷል ማለት ነው።

ውድድር ይውጣ ለሚሉት አለቆችዎ የሴኡልን ነገር ይንገሯቸው። ሴኡል ከ2002 ጀምሮ «ሃይ ሴኡል» በሚል መፈክር ትታወቅ ነበር። በ2015 በነዋሪው ተሳትፎና ድምፅ፣ ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ፣ «አይ ሴኡል ዩ» የሚል ተመረጠ። የከተማዋ ስም ግሥ ሆነ ማለት ነው፤ «እኔ አንተን ሴኡል» እንደማለት። ሰው ራሱ የመረጠው ቢሆንም ዝም አላለም። ግሡን በሌላ ቃል እየተካ ሲቀልድበት ከረመ። በ2023 በሌላ ተተካ። በመሐል ከንቲባ ተቀይሯል። ድምፅ መስጠት ከቀልድ አያድንም፤ ምክንያቱም ድምፅ የሰጠውና የሚቀልደው አንድ ሰው አይደለም።

ቶኪዮ ደግሞ ከውርደቷ በኋላ ክፍት ጥሪ አደረገች፤ 14,599 ሥራዎች መጡ። የመጨረሻዎቹ አራት ለሕዝብ ታይተው አስተያየት ተሰበሰበ። ነገር ግን የመረጠው ኮሚቴ ነው፤ የሕዝብ ድምፅ አይደለም። ብዙ ሰው ይቺን ዝርዝር ይዘላታል። አሥራ አራት ሺህ ሥራ ለማጣራት አቅምና ጊዜ ነበራቸው። እናንተ አላችሁ? ክፍት ውድድር ጥሩ ዲዛይነሮችንም ያሸሻል። ያለ ክፍያ ሠርተህ አምጣ፣ ካሸነፍክ እንከፍልሃለን የሚል ሥራ የሚቀበል የበሰለ ባለሙያ ጥቂት ነው። የሚመጣው አብዛኛው ከኢንተርኔት የተለቀመ ቅርጽ ነው፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ወደ መመሳሰል ጣጣ ይወስዳችኋል።

ሕዝብን መጠየቅ ግን ትክክል ነው። ጥያቄው ነው መለወጥ ያለበት። «የትኛው ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከተማህ ለአንተ ምንድን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። የፖርቱጋሏ ፖርቶ በ2014 ያወጣችውን ተመልከቱ። ስሟ አለ፤ ከስሟ ቀጥሎ አንድ ነጥብ አለ። በዙሪያው ከ70 በላይ ትናንሽ ሰማያዊ ምስሎች አሉ፤ ድልድዩ፣ ወንዙ፣ ሕንፃዎቹ፣ ባቡሩ። አሣሣላቸው የከተማዋን ግድግዳዎች ከሚያለብሱት ሰማያዊ የሸክላ ሰቆች የተወሰደ ነው። አዲስ ምስል መጨመር ይቻላል። ለመሆኑ ያ ርግብና መዘውር የጠየቀ ኮሚቴ እዚህ ቢሆን ምን ይል ነበር? ምስሉ ሁሉ ቦታ አግኝቷል፤ ዋናው ምልክት ግን አልተነካም። እናንተም ዋናውን ሎጎ ሳትነኩ የሰፈሮችን፣ የትምህርት ቤቶችን፣ የስፖርት ሜዳዎችን ምስል ከነዋሪው ጋር መጨመር ትችላላችሁ። ተሳትፎ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ወደ ድሮው መመለስስ? የልብስ ነጋዴው ጋፕ በ2010 አዲስ ሎጎውን በአንድ ሳምንት ገደማ አነሣ። የግል ድርጅት ነው፤ ገና መደብሮቹን አልቀየረም ነበር፤ የድሮውም ሎጎ በሰው ልብ ውስጥ ጠንካራ ነበር። የእናንተ የድሮ ሎጎስ? ዛሬ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚለው ሰው ከሁለት ወር በፊት ሥሉት ቢባል ይሥለው ነበር? ነገ ቢመለስስ መኪና ላይ ያልታየው፣ ስልክ ላይ ያልተነበበው ችግሩ ተፈትቶ ይመለሳል? እንዲቀየር ያደረገው ምክንያት አሁንም አለ። ሎጎውን ማንሣት ያለባችሁ በሦስት ምክንያት ብቻ ነው። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ወይም ሊለይ በማይችል ደረጃ ከተመሳሰለ። አንድን የኅብረተሰብ ክፍል የሚያዋርድ ትርጉም፣ ሳታስቡትም ቢሆን፣ ካለው። ወይም ሥራውን መሥራት ካቃተው።

ሦስተኛውን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ውሰዱና ፈትኑት። በአንድ ቀለም አትሙት፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒውን መልሳችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ያንንም እንደገና። ሦስተኛው ላይ ካልተነበበ የቢሮ ሕይወትን አይችልም። ወደ 16 ፒክስል አሳንሱት፤ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ከድረ ገጹ ስም ጎን የሚታየው ያህል ነው። የጎማ ማኅተም አስቀርጹበት። ቆብ ላይ አስጠልፉት። መኪና ላይ ለጥፋችሁ በሩን ክፈቱ፤ እኔ የማውቀው አንድ ሎጎ በሩ ሲከፈት የከተማዋ ስም ግማሹ ተቆርጦ የቀረው የሚያሳፍር ቃል ይሆን ነበር። ከተማዋ በሁለት ቋንቋ የምትጽፍ ከሆነ ሁለቱም ስሞች እኩል ይነበባሉ ወይ? ፕራግ በ2002 ስሟን በአራት ቋንቋ አጻጻፍ ደርድራ ሎጎ ያደረገችው ይህን ጣጣ ወደ ጥቅም በመቀየር ነው።

ቀለሙንም አትርሱ። በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም። ሎጎው ትርጉሙን በሁለቱ ልዩነት ላይ ብቻ ካቆመ ለእነሱ ባዶ ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለተለመደ መጠን ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የቀለም ንፅፅር ይጠይቃሉ፤ ሎጎን ግን ከግዴታው ነፃ ያደርጉታል። ከተማ በዚህ ነፃነት ባትጠቀም ይሻላል። አዛውንቱም ደረሰኙን ማንበብ አለባቸው።

ፈተናው ስሕተት ካወጣ አርሙት። መስመሩን አወፍሩ፣ ፊደሉን አስተካክሉ፣ ቀለሙን አጥቁሩ። ሎጎን ማረም ማንሣት አይደለም፤ ከንቲባው ፊት ለፊት ወጥቶ «አስተያየት ሰጣችሁን፤ ይኸው አስተካከልን» ማለት ይችላል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከመቶ መግለጫ ይሻላል። ስለ መግለጫ ካነሣን፣ ያወጣችሁትን አንብቤ ባላየውም እንዴት እንደተጻፈ እገምታለሁ። «ተለዋዋጭ»፣ «ወደፊት የሚመለከት»፣ «ክቡ አንድነታችንን ያመለክታል» የሚል አለበት። ክብ ክብ ነው። ሰውን የሚያበሽቀው እንዲህ ያለው ትርጓሜ ነው። የድሮው ለምን እንዳልሠራ በፎቶ አሳዩት፤ ያ ይበቃል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ሎጎውን አታንሡ። ውድድርም አታውጡ። በዚህ ሳምንት አርማው በቦታው መኖሩን ተናገሩ፤ ወጪውን ዘርዝሩ፤ የመመሳሰል ፍለጋውን አስጨርሱ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ፈትኑትና የሚታረመውን አርሙ። ከዚያ በኋላ በአስተያየት ክፍል ውስጥ መከራከር አቁሙ፤ አስቸኳይ ያልሆነው ሁሉ ቀስ ብሎ፣ እያረጀ ይቀየር። የአጠቃቀም መመሪያውን በከንቲባው ፊርማ ሳይሆን በምክር ቤቱ ውሳኔ አጽድቁት፤ የሚመጣው ከንቲባ የቀድሞው ሰውዬ ሎጎ ነው ብሎ እንዳይጥለው። ከዓመት በኋላ ደግሞ ነዋሪውን መንገድ ላይ አስቁማችሁ ሥዕሉን አሳዩና «ይህ የማን ነው?» በሉት። ይወደው አይወደው አትጠይቁት። ከተማዋን ከጠራ ሎጎው ሠርቷል። የባንኩን ስም ከጠራ ያኔ ይጻፉልኝ፤ ስለ መቀየር እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ግን ከሎጎው አትጠብቁ። መንገዱ ጉድጓድ ከሆነ፣ ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ፣ ሰው ቁጣውን የሚያሳርፍበት ቦታ ይፈልጋል። አዲሱ ሎጎ ለዚህ ምቹ ነው፤ አዲስ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። ከደረሷችሁ አስተያየቶች ውስጥ ስለ ሥዕሉ የሚያወሩት ስንቶቹ እንደሆኑ ቁጠሩ። ስለ ሥዕሉ ያልሆኑትን ለሚመለከተው ክፍል ላኩ፤ ለመንገዱ፣ ለውሃው፣ ለቆሻሻው።

የድሮውን ሎጎ ዋና ፋይሎችም እንዳትሰርዟቸው። ማኅደር ውስጥ አስቀምጧቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአንድ ኢዮቤልዩ ቲሸርት ላይ አትሙልን የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ «ይህን ጥሩ ሎጎ የት አድርሳችሁት ነበር?» ትባላላችሁ።